የሽመላዎቹ ከተራ

አውቶቡሱ ከስማይርና ወጥቶ ቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳናን እንደያዘ፣ ብዙነሽ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጥ አድርጋ ከኋላ የተቀመጡትን እናቶች በመስታወት አየቻቸውና «በሉ እንደገና!» አለች። «ምላስ ይንቀሳቀስ፣ ድምፅ አይውጣ። ጀምሩ!»

አውቶቡስ ሙሉ ነጭ ለባሽ አፉን ከፍቶ ምላሱን ማርገብገብ ጀመረ። ድምፅ የለም። በጎን በፒካፕ የሚያልፍ ሰውዬ አንገቱን አዙሮ አያቸውና ከሌይኑ ሊወጣ ለጥቂት ተረፈ። ምን ይፍረድ! ያን ሁሉ ሴት አፍ ከፍቶ ድምፅ ሲያጣ ያየ ሰው ምን ይበል?

«ኧረ ብዙዬ፣ ይኼ ነገር ጉሮሮ ላይ ቆሞ ይቀራል» አሉ እማማ ሐረገወይን ከፊት ወንበር። ከመጋዘን ቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

«ይዋጡት እማማ። ዛሬ የመዋጥ ቀን ነው።»

ቀኑ ጥር ፲፣ ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት ነበር። እሑድ ላይ ውሎ፣ ጥምቀቱ ደግሞ የአሜሪካ በዓል ከሆነው ከኪንግ ቀን ጋር ገጥሞ፣ ለሠራተኛው ሁሉ ፈቃድ ሳይጠይቅ ዕረፍት ሆኖለታል። የአትላንታው ቅዱስ ዮሐንስ ምእመናን ታሪክ አንድ ቀን በወግ ይጻፋል። ሱዳን በረሃን በእግሩ አቋርጦ፣ ስማይርና ውስጥ የምንጣፍ መጋዘን ተከራይቶ ደብር የተከለ ሕዝብ እንዴት ሳይጻፍለት ይቀራል? ጻፊው ስለ ካህናቱ ማዕረግና ስለ ኮሚቴው ጠብ ገጽ አይበቃው ይሆናል። ስለ አውቶቡሱ ሾፌር ግን አንድ መስመርም አይጥልም፤ ስለዚህ እኛ ከሾፌሯ ጋር እንሂድ።

ብዙነሽ በአዘቦት ቀን ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል ትነዳለች። ስሟ የተጠራው ግን በመንዳት አይደለም፣ በእልልታ ነው። ሰርግ ላይ እሷ ከጀመረች ዲጄው ሙዚቃውን ይቀንሳል። ኢስት ፖይንት ክርስትና ተጠርታ እልል ብትል የጎረቤት መኪና አላርም ጮኸ ይባላል። እሷ ይኼን ስትሰማ «ውሸታሞች! ሁለት መኪና ነው የጮኸው» ብላ ታርማለች።

ይቺ ሴት ስለት ነበረባት። ያለፈው ዓመት ጥምቀት ላይ ውሃ ከየት ይምጣ ተብሎ፣ የመጋዘኑ ፓርኪንግ ሎት መሐል የልጆች መዋኛ ገንዳ ተነፋ፤ ዶልፊን የተሣለበት ሰማያዊ ፕላስቲክ። ቀሲስ ኃይለመስቀል መስቀላቸውን ይዘው ሊባርኩ ጠጋ ሲሉ ገንዳው ጧ! ብሎ ፈነዳ። ውሃው በመኪኖቹ ሥር ሾልኮ ሄደ፣ የቀሲስ ጫማ ራሰ፣ አንዱ ዶልፊን የዲያቆኑ እግር ላይ ተጣበቀ። ልጆቹ ሳቁ። ትልልቆቹም እያፈሩ ሳቁ። ብዙነሽ አልሳቀችም። እዚያው አስፋልት ላይ ቆማ፣ «ዮሐንስ ሆይ፣ ታቦትህ እውነተኛ ውሃ ዳር ይውረድ እንጂ፣ ከቤቴ አትላንታ ሰምታው የማታውቅ እልልታ ይወጣል!» ብላ ተሳለች።

ዮሐንስ ሰማት። ታዲያ መልሱን የላከው በገዛ ልጇ በሚካኤላ በኩል ሆነና ነገሩ ተወሳሰበ።

ሚካኤላ ሐኪም ትሆናለች ሲባል የወፍ ምሁር ሆና የወጣች ልጅ ናት። «ወፍ ደግሞ ምኑ ይጠናል? ይበራል፣ አለቀ!» ብላ እናቷ ስንት ወር አኩርፋለች። ልጅቷ ሁለት ሰመር ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሰማይና ሣር ብቻ ባለበት ሜዳ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ለስደተኛ ወፎች የተከለለ መጠለያ ውስጥ ጭቃ ስታቦካ ከርማ ተመለሰች። አሁን የምትሠራው ፍሊንት ሜዶ በሚባል፣ ከኤርፖርቱ በስተደቡብ ባለ የሜዳ ሐይቅ ነው። የሰሜኑን በረዶ የሸሹ ሽመላዎች ወደ ፍሎሪዳ ሲወርዱም ሲመለሱም እዚያ ያርፋሉ። ሐይቁን ለከተራ እንዲፈቅዱ አለቃዋን ሚስ ዳርሊንን የለመነቻት እሷ ናት። ፈቃዱ ተገኘ። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም፣ ወፍ መመገብ የለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታቦቱ ውሃ ዳር ከተተከለው ድንኳን መግባት አለበት። ወፎቹ በምእመናኑ ምክንያት አንዴ ብር ካሉ ግን ፐርሚቱ እዚያው ያበቃል፣ ለከርሞም የለም።

«እማ፣ ስሜን ነው ያስያዝኩት» ብላታለች ሚካኤላ። «ላይክ፣ አንድ እልልታ ብቻ፣ ሥራዬ ጉድ ይሆናል። ፕሊስ!»

ምን ይደረግ? ስለቷን ብትፈጽም ልጇ ትዋረዳለች፣ ልጇን ብታከብር ስለት ትበላለች። ስለት የበላ ሰው ደግሞ እንቅልፍ እንደሌለው ታውቃለች። ቸግሯት ቀሲስን ጠየቀች።

«አባ፣ ስለት በሹክሹክታ ይፈጸማል?»

ቀሲስ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ልጄ፣ ዮሐንስ በእናቱ ማህፀን ሆኖ የዘለለ ነው። የልብ እልልታ ይሰማል።»

«የልብማ ሁሌም አለ አባ። እኔ የተሳልኩት የጉሮሮውን ነው።»

ቀሲስ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ፍሊንት ሜዶ ሲደርሱ አውቶቡሱን ጥዶቹ ሥር ፓርክ አደረገች። ሚካኤላ ካኪ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷ በጭንቀት አመድ መስሎ ትጠብቃቸዋለች። «ጃንጥላዎቹን እዚሁ ክፈቱ!» አለች። «ውሃው ዳር በድንገት ከተከፈቱ ይደነግጣሉ።» ወርቃማ ዘርፍ ያላቸው ቀይና አረንጓዴ ጃንጥላዎች በፓርኪንግ ሎቱ ላይ አንድ በአንድ ተዘረጉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ለገሰ ደግሞ በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክመው ከመኪናቸው ወረዱ።

«ጋሼ ለገሰ፣ እሱ ከበሮ ነው?» አለች ሚካኤላ።

«ተኝቷል» አሉ አቶ ለገሰ። «አልመታውም። ግን ታቦት ያለ ከበሮ አይወጣም፤ ተኝቶም ቢሆን ይምጣ።»

በዚያው ቅጽበት አንድ ጀት ጥዶቹን ሊላጭ እስኪመስል ዝቅ ብሎ፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠ በላያቸው አለፈ። ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች ቀና እንኳ አላሉም። አቶ ለገሰ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። «ይኼን ሁሉ ጉድ ችሎ የሚተኛ ወፍ የኔን ከበሮ ይፈራል?»

«ፕሌኑን ለምደውታል ጋሼ። ሁሌ ይመጣል፣ ሁሌ ይሄዳል፣ አይነካቸውም። እናንተን ግን አያውቋችሁም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ እማማ ሐረገወይን። «እኛም እዚህ አገር ስንገባ እንደዚሁ ነበርን።»

ሚስ ዳርሊን መጣች። የኢስት ፖይንት ልጅ፣ ግዙፍ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ከሥራ ውጭ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር ሴት ናት። ታቦቱ በካባ ተሸፍኖ በቀሲስ ራስ ላይ ከመኪና ሲወጣ ባየች ጊዜ ማንም ሳይነግራት ባርኔጣዋን አወለቀች። መሪጌታ ፍቅረማርያም ባፕቲስት መሆኗን ከሰሙ ወዲህ «እንግዲህ የመጥምቁ ወገን ናት፣ ዘመድ ነን» እያሉ ለሁሉም ሰው አውርተዋል። ብዙነሽን ግን ዳርሊን ቶሎ ቶሎ ሰዓቷን ማየቷ አልጣማትም።

ጉዞው ተጀመረ። ከጥዶቹ እስከ ድንኳኑ የሚያደርሰው አንድ ጠባብ የአፈር መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ረግረግና ረጅም ቢጫ ሣር። ልጆቹ እንኳ በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ። መሪጌታ ዜማውን በአፍንጫቸው ነው የሚሉት። ጸናጽሉ በጨርቅ ታፍኗል። እንዲህ ያለ ዝም ያለ ከተራ ከዮሐንስ ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም ብላ ብዙነሽ አሰበች፤ እልልታው ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ሥር እንደ ማስነጠስ ይኮረኩራታል። የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ ነከሰችው።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሦስት ሽመላዎች ከሰማይ ወረዱ። እግራቸውን ዘርግተው፣ ክንፋቸውን ገትረው፣ መንገዱ መሐል ዱብ ዱብ አሉ። ግራጫ ናቸው፣ ግንባራቸው ቀይ፣ ቁመታቸው የልጅ ያህል። ሁለቱ ወላጆች ናቸው፤ ሦስተኛው ግንባሩ ገና ያልቀላ ልጃቸው ነው። መንገዱን ዘግተው ላባቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ሚስ ዳርሊን እጇን አነሣች። ሰልፉ ቆመ።

«እሽ! ብንላቸውስ?» አሉ አቶ ለገሰ በሹክሹክታ።

«በጭራሽ!» አለች ሚካኤላ። «የመንግሥት ሕግ ነው ጋሼ። እነሱ ካልሄዱ እኛ አንሄድም።»

«እንመለስና በሌላ በኩል...»

መሪጌታ ዞር ብለው አፈጠጡባቸው። «ታቦት መንገድ ጀምሮ ወደ ኋላ? ምን ነካህ ለገሰ?»

ፀሐይዋ ወደ ጥዶቹ ጫፍ ተጠግታለች። እንግዲህ ይኼን የምታዩት እናንተና ከፊት ያሉት ናችሁ። ከኋላ ያለው ሰው ወፍ የት አይቶ! ከኋላ ያለው የሰማው «ታቦቱ ቆመ» የሚለውን ነው። ታቦት መሐል መንገድ ላይ ቆመ ሲባል ደግሞ ሐበሻ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እምቢ ብሏል፣ በደል ተገኝቷል ማለት ነው።

«እኔ ነኝ!» አሉ እማማ ሐረገወይን፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ከደረታቸው ሥር በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አወጡ። «ለወፎቹ ይዤ ነው። ያን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ባዶ አፉን ይደር? አላስቻለኝም።»

«እኔ ነኝ» አለ ሌላው፤ የእግር ኳስ ፊሽካ ከኪሱ አወጣ። «ነገ ድንገት ቢፈቀድ ብዬ...»

«የኔው ከበሮ ነው» አሉ አቶ ለገሰ በሐዘን፣ ጋቢውን እየደባበሱ።

ሚካኤላ ፌስታሉንም ፊሽካውንም ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ኦ ማይ ጋድ። ሁላችሁም?»

የብዙነሽ በደል ግን በፌስታል የሚወጣ አይደለም። የማትፈጽመውን ስለት ይዛ ታቦቱን መከተሏ እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች። አንገቷን አስግጋ ወፎቹን አየች፤ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባት፣ ደግ ያልሆነ ሐሳብ። አንዲት እልልታ ብትለቅ መንገዱ በአንድ አፍታ ይጸዳል! ወፎቹ ብር ይላሉ፣ ታቦቱ ያልፋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል፣ ስለቷም ይፈጸማል። አራት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ። ምላሷ ላንቃዋን ነካ።

«እማ» አለች ሚካኤላ፣ አጠገቧ መጥታ። የእናቷን አፍ ታውቀዋለችና ሳታፍር እጇን ያዘቻት። «ያቺን እያት፣ እግሯ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያለባትን። እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ሚኒሶታ፣ ሐይቁ ዳር። ያኔ ልጅ ነበረች፣ በቁመት ጉልበቴ ጋ። ትመጣለች ብዬ በየዓመቱ እጠብቃት ነበር፣ ዛሬ ነው ያየኋት። ልጅ ወልዳ መጣች እማ።»

ብዙነሽ ወፏን አየች፣ ልጇን አየች። የሚካኤላ ዓይን እንባ ሞልቷል፤ የምትስቀውም የምታለቅሰውም አንድ ላይ ነው። ይኼ ሁሉ ጭቃ፣ ይኼ ሁሉ «ወፍ ምኑ ይጠናል» ለዚች እግር ኖሯል? እናት ናትና ገባት። ምላሷን ወደ ቦታዋ መለሰች።

«ዮሐንስ ሆይ፣ ልጄን አላሳፍርም» አለች በልቧ። «የስለትህ ባለዕዳ ሆኜ እኖራለሁ፤ ከፈለግህ ከርሞም ቅጣኝ።» ጉልበቷን አጥፋ፣ ግንባሯን አፈሩ ላይ አድርጋ ለታቦቱ ሰገደች። እማማ ሐረገወይን አይተው ሰገዱ። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ነጩ ልብስ በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ።

ባለ ቀለበቷ ሽመላ ላባዋን ማስተካከል ተወች። ሰዉን አየች። ረጅም አንገቷን ጎንበስ አድርጋ መሬት ልትነካ ደረሰች፣ ቀና አለች፣ ደግሞ ጎንበስ።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አቶ ለገሰ። «ሰገደች!»

«ዳንስ ነው» አለች ሚካኤላ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ሲደሰቱ ይጨፍራሉ፣ የሚጀመረው በዚህ ነው። አንዱ ካጎነበሰ ሌላውም...» ሳትጨርስ ባልዋ አጎነበሰ፤ ልጅዬው ክንፉን ዘርግቶ ወደ ላይ ዘለለ፣ ሲወርድ አደናቀፈው፣ እንደገና ዘለለ። መሪጌታ ፍቅረማርያም ይኼን ሲያዩ መቋሚያቸው በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። «ወረብ ያውቃሉ!» አሉ። «ትንሹ ብቻ ነው ጊዜ የሚስተው።»

ወፎቹ ሲበቃቸው ዞሩ። ወደ ሣሩ አልገቡም፣ አልበረሩም። መንገዱን መንገዳችን ብለው፣ ረጃጅም እግራቸውን እያነሡ፣ ወደ ሐይቁ በእግራቸው ሄዱ። ቀሲስ ከኋላቸው ተነሡ። ሚካኤላ እጇን ዘርግታ ርቀቱን እያስጠበቀች፣ ሽመላዎቹ ከፊት፣ ታቦቱ ከኋላ፣ ሕዝቡ ከዚያ። የቸኮለ የለም፤ የወፍ እርምጃ ነው የሚሄዱት። አቶ ለገሰ «ከዛሬ ጀምሮ ኮሚቴው ውስጥ ወፍ ይግባበት» አሉና ሁሉም በአፍንጫው ሳቀ።

ታቦቱ ውሃ ዳር ሲደርስ ፀሐይዋ ገና ጥዶቹ ላይ ነበረች። እውነተኛ ውሃ፣ ሰፊ፣ ሰማዩ ሁሉ የወረደበት። ዶልፊን የለበትም። ቀሲስ በድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ሦስቱ ሽመላዎች ጥልቅ ያልሆነው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጠበቁ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። ምላስ ሁሉ በየአፉ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ልምምዱ።

«ሃሌሉያ!»

ምድር የተሰነጠቀ መሰለ። ያ ድምፅ የሐበሻ አይደለም። ሚስ ዳርሊን ባርኔጣዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እንባዋ ጉንጯን አልፎ፣ በመዘምራን ሳንባዋ፣ ጮኻ ነበር። ሐይቁ ላይ ያለው ወፍ ሁሉ፣ ሽመላው፣ ዳክዬው፣ ዝዩ፣ በአንድ ጊዜ ብር አለ። ሰማዩ ክንፍ ብቻ ሆነ። ዳርሊን አፏን በባርኔጣዋ ጋረደች።

ወፎቹ በድንኳኑና በጃንጥላዎቹ ላይ አንድ ዙር ዞሩ፣ ሽመላዎቹ ያን መለከት የመሰለ ድምፃቸውን እያሰሙ ሁለተኛ ዙር ዞሩ። ከዚያ ባለ ቀለበቷ እግሯን ዘረጋች። ወረደች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት ቀድሞ በነበሩበት ውሃ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሺ» አለች ሚስ ዳርሊን በእንግሊዝኛ፣ ከባርኔጣዋ ኋላ። «ፐርሚቱን የጣስኩት እኔ ነኝ። ራሴን ማባረር አልችልም። አሁን እኛንም አወቁን ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ብዙነሽ ዞረች። «ሚስ ብዙነሽ፣ ልጅሽ ነግራኛለች፤ አንድ ይዘሽ የቆየሽው ነገር አለ አሉ። እኔ ያን ሁሉ ጮኼ አንቺ ብትቀሪ ግፍ ነው።»

ብዙነሽ ልጇን አየች። ሚካኤላ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች።

ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። እግሯን አስተካከለች። እናቶቹ ጆሯቸውን ሊይዙ ተዘጋጁ። አፏን ከፈተች፣ ምላሷ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ምንም አልወጣም።

«ብዙዬ፣ ልምምዱ አልቋል እኮ!» አሉ እማማ ሐረገወይን።

ልምምድ አይደለም። እንባ ቀድሟት ነው። ታቦቱን አየች፣ ውሃውን አየች፣ በረሃው ትዝ አላት፣ ገንዳው ትዝ አላት። የአትላንታ አንደኛ ጉሮሮ በዚያች ሰዓት ከዳት። እጇን ግራ ቀኝ አወዛወዘች፣ ስለቴ፣ ስለቴ ልትል፣ እሱም አልወጣ አለ።

ያኔ ከጎኗ አንድ ድምፅ ተነሣ። ቀጭን ነው፣ መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ ደግሞ ይነሣል። እልልታ ነው ለማለት ደግነት ይጠይቃል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እማ፣ ኢምባራሲንግ ነው» እያለች አንዴም እልል ብላ የማታውቅ ሚካኤላ፣ ካኪ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት አቅም ሁሉ እልል ትላለች። ሽመላዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋትና መልሰው ወደ ውሃቸው አጎነበሱ። ትንፋሿ ሲያልቅ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ ደህና ነበር?»

«የመኪና አላርም ነው የመሰለው» አለች ብዙነሽ። አንገቷን አቅፋ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ያገኘችውን ሁሉ ሳመቻት። «ግን ከቤቴ ነው የወጣው። ስለቴ ደረሰ።»